ስድስት ወጣ፣ ስድስት ገባ

ኤቢሴ ደብተሩ ላይ የጻፈችው ውሸት አራት ቃል ብቻ ነበር። «ስድስት ወጣ፣ ስድስት ገባ።» አራት ቃል ሰው ይገድላል ወይ? ይገድላል እንጂ! እሷ ግን ያን ሐሙስ ይህን የት አውቃው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አዳማ ጫፍ ላይ፣ ቤቱ አልቆ ቁልቋሉና ግራሩ ከሚጀምርበት ቦታ፣ አሥራ አንድ ሰው ያለው የቀስት ውርወራ ክለብ አለ። ሰባት ደጋን፣ ሦስት ዒላማ፣ ከዒላማዎቹ ኋላ ደግሞ ፍላጻ እንዳያልፍ ተብሎ የተቆለለ፣ ቁመቱ ሁለት ሰው የሚያህል የአፈር ክምር። ሀብቱ ይኸው ነው። አሰልጣኙ ጋሽ መርዳሳ ሠላሳ ዓመት ስፖርት ያስተማሩ፣ ጡረታ ወጥተውም ፊሽካቸውን ከአንገታቸው ያላወረዱ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው የሚያምኑት በሁለት ነገር ነው፤ በእግዚአብሔርና በደብተር። የቱን እንደሚያስበልጡ እኔ አልፈርድም።

እያንዳንዱ አባል የራሱ ደብተር አለው። ስድስት ፍላጻ በተወረወረ ቁጥር ገጹ ላይ ትንሽ ክብ ይሣልና እያንዳንዷ ፍላጻ ያረፈችበት ላይ ነጥብ ይደረጋል። ከሥሩ ስንት ወጥቶ ስንት እንደተሰበሰበ ይጻፋል። ጓደኛ አይቶ ይፈርማል። በየወሩ መጨረሻ ጋሽ መርዳሳ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ነጥቦቹን ይመረምራሉ። ድምሩን አይደለም፤ ነጥቦቹን። «ድምር ያኮራሃል እንጂ አያስተምርህም» ይላሉ። ነጥቦቹ ወደ ግራ ከተሰበሰቡ ጥፋቱ የትከሻ ነው፤ ወደ ላይ ከወጡ እጅ ከመንጋጋ ሥር ወርዷል ማለት ነው። ከዚያ ለሳምንቱ አንዲት ነገር ብቻ ያዝዛሉ። አንዱን አምስት ሜትር ላይ አቁመው ዓይኑን ጨፍኖ እንዲወረውር፣ ሌላዋን በስልክ ቪዲዮ እንድትቀረጽ፣ ሌላውን ደጋኑን ስቦ ሳይለቅ እስከ ስምንት እንዲቆጥር። ቀልድ ይመስላል፤ ሰው ግን ይለወጥበታል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ጋ ሁለቱም አሉ» እያሉ ደብተሮቹን ታቅፈው ይስቃሉ።

ኤቢሴ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ትሰፋለች። ደጋን ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ነበረች። ነበረች ነው የምላችሁ። ከወር በፊት ጋሽ መርዳሳ «ለአዲስ አበባው ውድድር ሁለት ሴት እልካለሁ፤ የምመርጠው በደብተር ነው» ያሉ ዕለት አንድ ነገር ገባባት። ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ቢጫዋን ክብ ባየች ቁጥር ጣቷ ሳታዝዘው ይለቃል፣ እጇ ከመንጋጋዋ ሥር ሸርተት ይላል፣ ፍላጻው ወደ ላይ ይወጣል። በአንደኛው ሳምንት አንድ መዳፍ ያህል ከፍ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ከዒላማው አናት ላይ ይሰካ ጀመር።

ታዲያ ለምን አትናገርም? ይኸውላችሁ፣ እዚህ ላይ ነው የፋብሪካው ልማድ የመጣው። የስፌት ልጆች ሰዓት በሞላ ቁጥር ሰሌዳ ላይ የሚጻፍላቸው ቁጥር አለ። አምስት ኮሌታ የጎደለባት ከጎኗ ካለችው ትበደርና ሙሉ ታስጽፋለች፤ በሚቀጥለው ሰዓት ተሯሩጣ ሰፍታ ትመልሳለች። ማንም አይጎዳም። ኤቢሴም ደብተሯ ላይ ይህንኑ አደረገች። ወደ ላይ የወጣውን ነጥብ አውርዳ ቢጫው ላይ አስቀመጠችው። «ነገ አሻሽልና እመልሰዋለሁ» ብላ። አይ ልጅት! ኮሌታ ይመለሳል፤ ከደጋን የወጣ ፍላጻ በምን ሒሳብ ይመለሳል?

ሐሙስ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ የነበሩት እሷና ሊዲ ብቻ ናቸው። ሊዲ የደብተር ጓደኛዋ ናት፤ የማታ ኮሌጅ ስለምትማር ሁልጊዜ ትቸኩላለች፤ ወሩንም ሙሉ ነጥቦቹን ሳታይ ነው የፈረመችላት። «እኔ ልሂድ በቃ፤ ይኸው ፈርሜልሻለሁ» ብላ ባዶው ገጽ ላይ ፊርማዋን ጫር አድርጋ ሄደች። የክለቡ ሕግ ብቻህን አትወርውር ይላል። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት አንድ ሰው ክምሩ ላይ ወጥቶ ከኋላ ሰው አለመኖሩን አይቶ ቀይ ጨርቅ ማውለብለብ አለበት። ኤቢሴ «አንድ ዙር ብቻ፤ አሁን ሊዲ አይታ የለ» አለች።

አምስቱን ወረወረች። ስድስተኛዋን፣ ግንዷ ላይ «ኤ4» የተጻፈባትን፣ ክሩ ላይ ሰካች። ሳበች። ቢጫዋን አየች። ጣቷ አምልጦ ለቀቀ። ቀይዋ ላባ ከዒላማው በላይ፣ ከክምሩም በላይ አልፋ ስትሄድ በዓይኗ አየቻት። ከዚያ ምንም። ነፋሱ ግራሩን ያንሿሿው ነበርና ከወዲያ በኩል ምንም ድምፅ አልሰማችም።

ወጥታ ማየት ነበረባት። አልወጣችም። «ባዶ መሬት ላይ ነው የወደቀችው» አለች ጮክ ብላ፣ የሚሰማት ሰው ያለ ይመስል። ከሊዲ ፊርማ በላይ ስድስት ነጥብ አደረገች፤ ከሥሩም አራቱን ቃላት ጻፈች። ደብተሩን እንደ ወጉ የክለቡ ሣጥን ውስጥ አስገብታ እግሬ አውጪኝ አለች።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ፣ ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ከክምሩ ኋላ ሄደች። ብዙም አልፈለገች። ፍላጻዋ ቁልቋል አጥር ውስጥ ተሰክታ ነበር። ጎትታ አወጣቻት። ጫፏ ላይ የደረቀ ቡናማ ነገር አለ፤ ከላባው ሥር ደግሞ ሰማያዊ የሱፍ ክር ተጠምጥሟል። ጥቂት ራቅ ብሎ የታጨደ ሣር ተበትኗል፣ ማጭዱም እዚያው ወድቋል።

«የበግ ደም ይሆናል» ብላ ራሷን ልትደልል ሞከረች። በግ ደግሞ መቼ ነው ሹራብ የሚለብሰው!

ፍላጻዋን በጋዜጣ ጠቅልላ ቤቷ ፍራሽ ሥር ከተተቻት። ያን ቀን ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ገልብጣ ሰፋች፤ ሁለት ጊዜ ተቆጡባት። በር በተከፈተ ቁጥር ፖሊስ መሰላት። ወደ ቤቷ ስትመለስ በየመንገዱ የለቅሶ ድንኳን ፈለገች፤ ድንኳን ስታጣ ደግሞ «ገና ሳያገኙት ቀርተው ቢሆንስ?» ብላ ባሰባት። ቅዳሜንም እንዲሁ ዋለች። «ዝም አይነቅዝም» ትላለች ለራሷ፤ ተረቱ እውነት ነው፣ ዝም አልነቀዘም፤ የነቀዘችው እሷ ናት።

እሑድ ጧት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ልምምድ ነበር። የማትሄድ ከሆነ ይጠረጥሩኛል ብላ ሄደች። ስትደርስ ጋሽ መርዳሳ አባላቱን ሰብስበው አንድ ደብተር ከፍ አድርገው ይዘዋል። የሷን ደብተር ነው።

«ይኸውላችሁ!» አሉ ጋሽ መርዳሳ፣ ፊታቸው በኩራት ወዝቶ። «ደብተር ደብተር ሲል አሰለቸን ትሉ የለ? ትናንት ይህቺ ደብተር ክለባችንን ከጉድ አወጣችው። ከክምሩ ኋላ ለላሟ ሣር የምታጭደዋን ዘርፉን ታውቋታላችሁ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ አንድ ነገር ፉጭ ብሎ መጥቶ ክንዷን ቀደዳት። ድንጋጤው እንዴት እንዳደረጋት እንጃ፣ ክሊኒክ ስትሄድ የአጥር ሽቦ ነው ብላለች፤ ለልጇ ግን ፉጭ ያለውን ነገር ነግራዋለች። ልጇ ዘካርያስ፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ‹የናንተ ቀስት ነው› ብሎ አንገቴን ሊያንቀኝ መጣ። ተረጋጋ ልጄ አልኩት። ሐሙስ የወረወረችው ኤቢሴ ናት፤ ይኸው ደብተሯ፤ ስድስት ወጣ፣ ስድስት ገባ፤ ይኸው የሊዲ ፊርማ። ገጹን ሁሉ አገላብጦ አየ። አመነ። ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ!»

ሊዲ ቀስ ብላ ወደ ኤቢሴ ዞረች። ኤቢሴ መሬት መሬት ታያለች።

«ታዲያ ምን መታቸው?» አለ አንዱ።

«ልጁ ጥይት ነው ባይ ነው፣ ድምፅ የሌለው ጥይት። ቡልቡላ የሚኖር የአባቱ ወንድም አለ፤ ፈዬራ ይሉታል። ሣር በምታጭድባት በዚያችው መሬት ተጣልተዋል። በፋሲካ ‹ይህ መሬት ሰው ይበላል› ብሏቸው ነበር አሉ። ‹እናንተ ካልሆናችሁ እሱ ነው፤ ሌላ ምን ጠላት አለን?› አለኝ ልጁ። ለፖሊስ ተናገር ብዬ ለመንኩት። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወደ ቡልቡላ ተሳፍሯል ይላሉ ባጃጆቹ። እግዜር ልቡን ያብርደው እንጂ…»

ኤቢሴ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የፈራችው ለራሷ ነበር፤ እስራቱን፣ ውርደቱን፣ አዲስ አበባን። አሁን ግን አንድ የማታውቀው ሰው ቡልቡላ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ታያት። ሞቱ በሷ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ በሊዲ ፊርማ ጸድቋል። ደብተሩን ከጋሽ መርዳሳ እጅ መንጭቃ ሮጠች። «አንቺ! ኧረ ምን ነካሽ!» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች።

ቤቷ ገብታ ጋዜጣውን ከፍራሹ ሥር አወጣች። የእትዬ ዘርፉ ቤት ከሜዳው ወዲያ ማዶ ነው። ስትደርስ ላብ ዓይኗን ይጋርዳታል። በሩ ላይ አቧራ የጠጣ የወንድ ጫማ ተቀምጧል፤ ከጎኑ አንድ ጆንያ ቲማቲም።

ገባች። እትዬ ዘርፉ አልጋቸው ላይ ጀርባቸውን ከግድግዳው አጣብቀው ተቀምጠዋል፤ ክንዳቸው በፋሻ ተጠምጥሟል። ከፊታቸው ዱካ ላይ አንድ ሽበታም ሰውዬ ቁጭ ብሎ ብርቱካን በቢላዋ ይልጣል። እትዬ ዘርፉ ሰውየውን አያዩም። የሚያዩት ቢላዋውን ነው።

«አካም ጂርታ ልጄ! ግቢ፣ ግቢ» አለ ሰውየው። «ፈዬራ እባላለሁ፤ የወንድሜ ሚስት ናት። ታማለች ቢሉኝ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ከቡልቡላ መጣሁ። ይኸው ከመጣሁ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዘካርያስስ የት ሄደ ብላት መልስ የለም። እስቲ አንቺ አናግሪያት።»

ኤቢሴ በሩ አጠገብ ያለው ሌላ ዱካ ላይ ቁጭ አለች። መንገድ ላይ ተላልፈዋል ማለት ነው። ዘካርያስ ቡልቡላ ሲደርስ አጎቱን አላገኘውም፤ ወዴት ሄደ ቢል ወደ አዳማ፣ ወደ እናትህ ቤት ይሉታል። ከዚያስ? ከዚያ ያ ልጅ ምን ብሎ ያስባል? «ሊጨርሳት ሄደ» ነው የሚለው እንጂ!

«ስልክ… ዘካርያስ ጋ ደውሉለት» አለች።

«ዝግ ነው» አሉ እትዬ ዘርፉ። ከንፈራቸው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

ፈዬራ ከብርቱካኑ ቆርሶ በቢላዋው ጫፍ ዘረጋላቸው። እትዬ ዘርፉ ግድግዳው ላይ ይበልጥ ተለጠፉ። ኤቢሴ አሁን እናገራለሁ አለች በልቧ። ጋዜጣውንና ደብተሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻቸው። እናገራለሁ፣ አሁን፣ አሁን። አራት ቃል ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም፤ አንድ ቃል ለመናገር ግን ዘመን ሆነባት። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይነዝራል፤ ጋሽ መርዳሳ ናቸው። በዚህ መሀል ሰዓቱ እየነጎደ ነው። ፈዬራ ብቻውን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቲማቲሙ ዋጋ ያወራል። እሷ አሁንም አልተናገረችም። ተናደዱባት፤ እኔም ተናድጄባታለሁ። ፍርሃት ግን እንዲህ ነው፤ ሰውን ዱካ ላይ አስቀምጦ ያስረዋል።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ የውጭው በር ሳይንኳኳ ተበረገደ።

ዘካርያስ ገባ። በአዳማ ሙቀት፣ በቀትር፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቷል፤ ግራ ክንዱን ጎኑ ላይ አጥብቆ ይዟል። እናቱን አየ። ከዚያ ቢላዋውን አየ። ፈዬራ ቢላዋውን እንደያዘ «ዘካሪ! መጣህ?» ብሎ ሊስመው ብድግ አለ። የልጁ ቀኝ እጅ ወደ ጃኬቱ ውስጥ ገባ።

«እኔ ነኝ!»

ኤቢሴ መቼ እንደተነሣች አታውቀውም። በሁለቱ መሀል ቆማለች። «እኔ ነኝ የመታኋቸው! ቀስት ነው፣ የኔ ቀስት ነው!»

«ዞር በይ» አለ ዘካርያስ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ደብተሩን በዓይኔ አይቻለሁ። ስድስት ወጣ፣ ስድስት ገባ። ማነው አንቺን የላከሽ?»

«ደብተሩ ውሸት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። እይ፣ እባክህ እይ!»

ጋዜጣውን ቀደደችው። ፍላጻዋን በሁለት እጇ ዘረጋችለት። «ኤ4»፣ ቀይዋ ላባ፣ የደረቀው ደም፣ ሰማያዊው ክር። እጁ ከጃኬቱ ውስጥ አልወጣም፤ ዓይኑ ግን ፍላጻዋ ላይ ነው። ያኔ እትዬ ዘርፉ ከትራሳቸው ሥር የተጠቀለለ ሹራብ አወጡ። ሰማያዊ ነው። ክንዱ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ መግቢያና መውጫ። ምንም ሳይናገሩ ፍላጻዋን ከኤቢሴ ተቀብለው በአንዱ ቀዳዳ አስገብተው በሌላው አወጧት። ልክክ አለች።

«የምን ቀስት ነው?» አለ ፈዬራ ግራ ተጋብቶ። «አሟታል ነው እንጂ ተመታች ማን አለኝ?»

ዘካርያስ ኤቢሴን ያያል።

«ለምን?» አላት።

«ፈርቼ።»

«ምን ፈርተሽ?»

«ለውድድር… አዲስ አበባ ሳልሄድ እንዳልቀር።» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ በራሷ አፈረች፤ ማፈር ሲያንሳት ነው።

«ለሱ ነው? ለሱ ብለሽ ነው?»

ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። ክንዱ ላላ። ከጃኬቱ ውስጥ አጭር መጥረቢያ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ፈዬራ።

እትዬ ዘርፉ፣ «እንጨት…» አሉ። «እንጨት ሊፈልጥልኝ ነው። እኔ ክንዴን ስላመመኝ።»

ፈዬራ ጎንበስ ብሎ መጥረቢያውን አነሣ። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ዛሬ ነው የተሳለው» አለ። «ለእንጨት እንዲህ አይሳልም።» የወንድሙን ልጅ አየ፤ እስከ አንገት የተዘጋውን ጃኬት አየ፤ ግድግዳው ላይ የተጣበቁትን ሴትዮ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። ብርቱካን የላጠበትን ቢላዋ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ኮቱን አውልቆ አጥፎ ዱካው ላይ አደረገው።

«የታል እንጨቱ?» ብሎ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ።

ወዲያው የመጥረቢያው ድምፅ ከጓሮ ይሰማ ጀመር። አንድ። ሁለት። በእያንዳንዱ ምት ዘካርያስ ትከሻው ይዘልላል። እትዬ ዘርፉ ሹራቡን አፋቸው ላይ ይዘው ያለ ድምፅ ያለቅሳሉ። የኤቢሴ ስልክ እንደገና ነዘረ፤ አሁን አነሣችው።

«ጋሽ» አለች። «ሐሙስ ስድስት ወጣ፣ አምስት ነው የገባው።»

«ነጥቦቹስ?» አሉ ጋሽ መርዳሳ፣ በማታውቀው ድምፅ።

«ወሩን ሙሉ ወደ ላይ ነበሩ። እኔ ነኝ ያወረድኳቸው።»

«በአንደኛው ሳምንት አይቼው ቢሆን እኮ… እጅሽን ነበር፣ እጅሽን ብቻ…» አሉና ጨርሰው መናገር አልቻሉም። «ያቺን ደብተር አሳይቼው ነው የላክሁት» አሉ። ስልኩ ተዘጋ።

ከጓሮ የመጥረቢያው ድምፅ ቆመ። ሦስቱም ወደ በሩ ዞሩ። የእግር ኮቴ ቀስ እያለ መጣ። ፈዬራ በሩ ላይ ቆመ፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ያለቀሰ ሰው ዓይን ነው ያለው። መጥረቢያውን ገልብጦ እጀታውን ወደ ዘካርያስ ዘረጋለት።

«እንጨቱን ጨርሻለሁ» አለው። «እንካ፣ ዕቃህን ተቀበለኝ።»

ዘካርያስ እጁን ለማንሣት ሞከረ፤ አልቻለም። ሰውየው ግን እጁን አላጠፈም፤ እጀታውን እንደዘረጋ ቆሞ ጠበቀው።